ከጀርመን በር የተመለሰው ባል

በዋግ ምድር እኔ ደብሬ ሳላውቀው የተፈጸመ ፍቅር የለም። ከሰቆጣ እስከ ጋዝጊብላ ማን ማንን በዓይኑ እንደተከተለ፣ ማን ለማን በቴሌግራም ምን እንዳለ፣ የትኛዋ ኮረዳ ከገበያ ስትመለስ ለምን እንደዘገየች፣ ወሬው መጥቶ የሚያርፈው እኔ ደጅ ነው። ሥራዬ የማር ንግድ ነው፤ ይህ አገር ጣፋጭ የሚባል ነገር የቀመሰው በኔ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ ሌላ የትራንስፖርት ድርጅት አለኝ። ድርጅቱ ለጊዜው አንዲት ባጃጅ ናት። ግን ባጃጅ ብሎ ዝም ነው! ዳገት ላይ አይሱዙ ስትቀድም ያያት ሰው አለ።

እንግዲህ የእህቴን ልጅ የይመኙሻልንና የዲያቆን ደግሰውን ነገር ከኔ ስትሰሙ ከምንጩ ቀዳችሁ ማለት ነው። ሳቁን እኔ ልጨምርበት እችላለሁ። ዕንባው ግን የራሳቸው ነው፤ በሱ ላይ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም።

ይመኙሻል ነርስ ናት። መርፌ ስትወጋ በሽተኛው «ጀመርሽ እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እጇ እንዲያ ነው። ደግሰው ደግሞ ከጋዝጊብላ ዜማ ሊማር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ድምፁን ሲያወጣ የደብሩ ርግቦች ክንፋቸውን ሰብስበው ያዳምጡታል። እህቴ እታለም ግን ርግብ አይደለችም። «ነርስ አስተምሬ ለቆሎ ተማሪ ልዳር?» ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈች! እኔ በሽምግልና ባልገባ ኖሮ ዛሬም እንዳኮረፈች ነበረች።

የተጋቡት በክፉ ጊዜ ነው። መንገዱ ተዘግቷል፣ እህል ጠፍቷል፣ የከተማው ሰው በየገጠሩ ተበትኗል። እኔም ያኔ ሰቆጣ ዙሪያ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ነበር። ድንኳን አልተጣለም፣ ከበሮ አልተመታም፣ አንድ ፎቶ እንኳ አልተነሣም። መምሬ ገብረ ኪዳን ቀድሰው በቁርባን አጋቧቸው። ከቀዳሾቹና ከእታለም በቀር ያየ የለም። በቁርባን የተጋባ ዲያቆን ሌላ ሚስት የለውም፤ ያቺው አንዷ ናት፣ እስከ ሞት።

ከዚያ ሰላም ሲሆን ይመኙሻል በነርስነት ጀርመን ተቀጠረች። በዓመቱ ደግሞ እዚያ ያሉ ምእመናን ደግሰውን ለጥምቀት ማሕሌት ጠሩት፤ ቪዛም ወጣለት። ስንሸኘው ሰቆጣ ባዶዋን ቀረች ብል ማን ይከራከረኛል? አልቅሰን ሸኘነው። ዕንባችን ሳይደርቅ ተመልሶ መጣ።

«ምነው?» አልነው።

«ወረቀት ጎደለ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው መለሱኝ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም።

እኔ ወሬዋን ተቀብዬ አሳድጌ፣ አሽሞንሙኜ ለከተማው አዳረስኳት። የጀርመን ሹም እያለቀሰ እንደመለሰው፣ «እንዲህ ያለ ድምፅ ከአገሬ አይለፍ» እንዳለ ተናገርኩ። ደግሰው ሲሰማኝ አላረመኝም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ትሕትና መሰለኝ። አሁን ሳስበው ያ አንገት በትሕትና የተደፋ አንገት አልነበረም።

*

ይመኙሻል ለብዙ ወራት አልደወለችለትም። በኋላ ግን የትዳር ቪዛውን ጉዳይ ራሷ ጀመረችው። ለሱ የላከችው መልእክት አጭር ነበር፤ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ ከሁሉ በፊት ጀርመንኛ ተምሮ ፈተና ማለፍ እንዳለበት። በመጨረሻው ላይ «ውዴ» አልነበረም፣ «ሰላም ሁን» እንኳ አልነበረም።

ደግሰው ጀርመንኛን የተማረው በዓለም ላይ ማንም ባልተማረበት መንገድ ነው። መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ፣ እንደ ዳዊት በዜማ ይለዋል። «ዳስ ኢስት ማይን ፋተር!» ይኸ አባቴ ነው። «ዳስ ኢስት ማይነ ሙተር!» ይቺ እናቴ ናት። ግቢዬ ውስጥ ከግራሩ ሥር ስለሚያጠና እኔም አብሬ ያዝኩት፤ ዛሬ ጀርመኖች ቢመጡ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም።

አንድ ቀን ማር እያጣራሁ ሳዳምጠው አንድ ነገር ገረመኝ። አባት አለ፣ እናት አለ፣ ወንድም አለ፣ እህት አለ፤ ከዚያ ዘሎ ወደ ቤትና ወደ በር ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ ዘለለ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ዘለለ።

«ደግሰው፣ አንዷን ትዘላለህ እኮ» አልኩት።

«የቷን አያ ደብሬ?»

«ሚስቴ የምትለዋን ነዋ! ዳስ ኢስት ማይነ ፍራው። እኔ እንኳ ይዣታለሁ፣ አንተ ትዘላታለህ?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ትመጣለች» አለኝ፤ መጽሐፉን ዘግቶ ተነሣ። «እሷ ቃል በኋላ ትመጣለች።»

ሌላም ነገር ነበረ። ከተመለሰ ጀምሮ ደግሰው መቅደስ አይገባም። ተራው ሲደርስ ሌላ ዲያቆን ይለምናል። ራሱ ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ተጠግቶ፣ ከውጭ፣ እንደ ባዕድ ይቆማል። መምሬ ገብረ ኪዳንን ጠየቅኳቸው።

«ምን ነካው ይኸ ልጅ፣ አባ?»

«አልነገረኝም» አሉ። «ሲከብደው ይነግረኛል።»

«እስካሁን አልከበደውም ማለት ነው?»

መምሬ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አየህ ደብሬ፣ ገና ሰዓቱ አልደረሰም። የልብ ሸክም እንደ ወገብ ሸክም ቶሎ አይወርድም።»

እኔም ማሬን ይዤ ወደ ገበያዬ ሄድኩ።

*

ፈተናውን አለፈ። ያለፈው በስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁም ተጋነነ ትላላችሁ። ነገር ግን ፎቶ የሌለው ሠርግ ሆኖባቸው፣ ፊትም ከበር የተመለሰ ሰው ስለሆነ፣ ኤምባሲው ጠበቃ ወደ ሰቆጣ ሊልክ ሆነ። ጠበቃዋ መጥታ የሠፈሩን ሰው ትጠይቃለች፤ እነዚህ ሰዎች እውነት ባልና ሚስት ናቸው ወይ ትላለች። ይመኙሻልም ፈቃድ ወስዳ መጣች።

ከመናኸሪያ ወደ ቤቴ በድርጅቴ ተሽከርካሪ ያመጣኋት ራሴ ነኝ። ደግሰው ቀድሞኝ እዚያ ቆሞ ነበር፤ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት። ከአውቶቡሱ ስትወርድ አየችው። እሱም አያት። እኔ እንደጠበቅኩት ሮጦ አላቀፋትም። ሻንጣዋን ተቀበላት። እሷም ሰጠችው። ሁለቱም ሻንጣውን ነበር የሚያዩት።

ከኋላ ተቀመጡ። መኻላቸው ሦስተኛ ሰው ያስቀምጥ ነበር። በመስታወቴ አያቸዋለሁ፤ ሾፌር በመስታወት ማየት ግዴታው ነው።

«ደኅና ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?»

«ይመስገን።»

እንደ ጎረቤት! ባጃጇ ራሷ አፈረች፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አነቀው። ከዚያ ዳገቱ ላይ፣ ድምፁ ሲበረታ፣ እኔ የማልሰማ መሰላቸው።

«ጠበቃዋ ስትጠይቅህ» አለች ይመኙሻል ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ፣ «የአውሮፕላን ማረፊያው አስተርጓሚ ነው የተሳሳተው በል።»

«ይመኙ…»

«እኔ በጽሑፍ እንዲያ ብዬ ነው ያስገባሁት። አማርኛ በደንብ አይችልም፣ ያልከውን አጣሞ ነው የተረጎመው ብያለሁ። አንተም እንዲያው በል፤ አለቀ።»

«በደንብ ይችል ነበር እኮ» አለ ደግሰው፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ!» ድምፏ ተሰነጠቀ። «በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። እኔ አስተርጓሚ መች አስፈለገኝ? አንተን በገዛ አፍህ ነው የሰማሁህ። አታስረዳኝ። ዓመት ሙሉ ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈለግኩም። ያልኩህን ብቻ በል።»

ያን ጊዜ አህያ ልገጭ ጥቂት ቀረኝ። ስሕተቱ የአህያው ነው። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር መንገዱን አላየሁትም ነበር፤ በመስታወቱ ውስጥ የማየው አንድ ሰው ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ፣ ሳይነካት፣ ከአጠገቧ ሲያንስ ነበር። ሰው እንዲያ ሲያንስ አይቼ አላውቅም።

*

ጠበቃዋ ፀደይ ትባላለች። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ዓይኗ የሚወጋ ልጅ ናት። ቤቴን ለሥራዋ ለቀቅኩላት፤ ጓዳው ውስጥ ወንበር አድርጌ ሠፈሩን አንድ በአንድ አስገባሁላት። ይመኙሻልና ደግሰው ግቢው ውስጥ፣ አንዱ ከግራሩ ሥር፣ አንዷ ከበረንዳው ላይ፣ ተራራቅ ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ።

«ሠርጉ እንዴት ነበር፣ ጋሼ?»

እንዴት ነበር ትለኛለች! ደረቴን ነፋሁ። «ሠርግ ነው ይኸ? ዓለም ነው እንጂ! ሰባት ሰንጋ ወደቀ። ጠጁ ከኔ ነው፤ ጠጅ የተጣለበት ጋን ዛሬም ይሸታል። ሙሽሮቹ በወርቅ የተንቆጠቆጠ ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው…»

ጻፈች። እኔም ባለ ድል ሆኜ ወጣሁ።

ማንም ማንንም አላስጠናም፤ ይህን በመስቀል እምላለሁ። ግን ሠፈርተኛው ሁሉ ከየልቡ እንደኔው ደግሶ ገብቷል። የእኔ ሰንጋ ሰባት ሲሆን የጎረቤቴ የየኔሰው ዐሥራ ሁለት ሆነ። እኔ ጠጁን ከቤቴ ሳወጣ የየኔሰው ሚስት ከቤቷ አወጣችው። ካባውን አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዷ «ዓይን የሚያጠፋ ነጭ» አለች። ልጆቹን ስለምንወዳቸው ነው። ያን ክፉ ጊዜ አንድ እንጎቻ እንኳ ይዘን ያልቆምንላቸው ሰዎች ዛሬ በአፋችን ድንኳን እንጥልላቸው ነበር።

በመጨረሻ መምሬ ገብረ ኪዳን ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር እኔም፣ ግቢውም ሁሉ ሰማን።

«በቁርባን አጋባኋቸው» አሉ መምሬ።

«ካባው ምን ዓይነት ነበር፣ አባቴ?»

«ካባ አልነበረም፣ ልጄ። ከመቀደሻው በቀር ንዋያተ ቅድሳቱን ሁሉ ዋሻ ሰውረናቸው ነበር። እናቷ ጋቢ አመጣች። ሁለቱን በአንድ ጋቢ ሸፍኜ ጸሎቱን አደረስኩ።»

«ድግሱስ?»

«ጾማቸውን ነበር የዋሉት። ዳቦ እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፤ እሱም ሻግቶ ነበር።»

ፀደይ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ፊቷ ተለውጧል። «አንድ ሠርግ ነው የምጠይቀው» አለች፣ «የሰማሁት ግን የሠፈሩን ሰው ያህል ሠርግ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። እንዲህ ሆኖ ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔ ደግሞ፣ ንግግር የማይገደኝ ሰው፣ ሰባቱ ሰንጋ አንድ ላይ ደረቴ ላይ የቆሙ መሰለኝ። ልረዳቸው ብዬ የእህቴን ልጅ በር ዘጋሁባት ማለት ነው።

ፀደይ ወደ ግራሩ ዞረች። «ዲያቆን፣ አሁን የቀረኝ የእርስዎ ቃል ነው። ያኔ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ይህቺ ሴት ሚስቴ አይደለችም እንዳሉ ተጽፏል። እሷ አስተርጓሚው ተሳስቶ ነው ብላለች። እንደዚያ ነው? ከፈለጉ ወደ ውስጥ ገብተን እንነጋገር።»

ይመኙሻል ተነሣች። ዓይኗ ደግሰው ላይ ነበር። ያ ዓይን ይለምን ነበር፣ ያዝዝም ነበር። አንዲት ቃል ናት። «አዎ» ካለ መንገዱ ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቤት፣ አንድ ገበታ፣ አንድ አልጋ። እሷ ራሷ ነች ያዘጋጀችለት።

ደግሰው ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ አሸረጠ፤ በትልቅ ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው ቆመ።

«ወደ ውስጥ አልገባም» አለ። «የካድኳት በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ልናገር።»

«ደግሰው!» አለች ይመኙሻል። «ተው። ተው ብዬሃለሁ።»

«አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ነበር። ‹ሚስቴ እዚህ ናት ካልክ ሊቀር ነው የመጣው ብለው ይመልሱሃል፤ አገር ቤት ናት በል› አለኝ። ዳዊት በቃሌ የያዝኩ ሰው፣ ስሙን የማላውቀውን መንገደኛ ምክር በቃሌ ይዤ ወረድኩ። ፖሊሱ ሚስትህ የት ናት አለኝ። ሰቆጣ አልኩ። የሷን አድራሻ ቦርሳዬ ውስጥ አገኙ፤ ደወሉላት። እሷ ደጅ ላይ ስትጠብቀኝ ነበር። ባሌ ነው አለች። አምጥተው፣ በሩ ገርበብ እንዳለ፣ ከክፍሉ መስታወት ወዲያ አቆሟት።»

ከታች መንገድ ላይ የሌላ ሰው ባጃጅ ሲያልፍ ተሰማ።

«‹ይህቺ ሚስትህ ናት?› አለኝ። ያኔ ‹ናት፤ ዋሽቼ ነው› ብል ያበቃ ነበር። ቢመልሱኝም ባሏ ሆኜ እመለስ ነበር። ውሸቴ እንዳይታወቅ ፈራሁ። ‹አይደለችም፤ ያገሬ ልጅ ናት› አልኩ። አስተርጓሚው አልተሳሳተም። እግዜር ይስጠው፣ እንዲያውም ደግሞ ጠየቀኝ። ‹ወንድሜ፣ እርግጠኛ ነህ?› አለኝ በአማርኛ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።»

እታለም ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። መምሬ ገብረ ኪዳን ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ለእናንተ ወረቀት ጎደለ አልኳችሁ። አያ ደብሬ የጀርመን ሹም አለቀሰ ሲሉ ዝም አልኩ። ለመምሬ እንኳ አልነገርኳቸውም። መቅደስ መግባት ያልቻልኩት ለዚህ ነው። በቁርባን ፊት የተቀበልኳትን በአንድ ባለ ኮፍያ ፊት መለስኳት። ይኸው ነው። አሁን ይጻፉት።»

ፀደይ ግን አልጻፈችም። «ዲያቆን፣ ይህን ከጻፍኩ የሷም ቃል ሐሰት ነው ተብሎ አብሮ ይጻፋል። ያውቃሉ?»

ይህን አላሰበውም ነበር። ወደ ይመኙሻል ዞሮ አፉን ከፈተ፣ ድምፅ የለም። ያ ርግብ የሚያስቆም ድምፅ! ሁለተኛ ጊዜ የጎዳት መሰለው፤ ያን ያህል የተሰበረ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

ያኔ መሆን የነበረብኝን ሰው ሆንኩ። «ወይዘሪት ፀደይ» አልኩ፤ ድምፄ እንደ ፍየል ነበር። «ሰባቱን ሰንጋ ሰርዢው። አንዲት ጫጩት አልታረደችም። እኔ እንደሁ እዚያም አልነበርኩም።»

«ዐሥራ ሁለቱንም» አለ የኔሰው ከኋላዬ።

ማንም አልሳቀም።

ይመኙሻል ከበረንዳው ወረደች። እየሄደች ያለችው ወደ ደግሰው መስሎኝ ነበር፤ ወደ ፀደይ ሆነ።

«ቃሌን ማረም እችላለሁ?»

«ዛሬ፣ እዚህ፣ ትችያለሽ። ውጤቱን ግን የምወስነው እኔ አይደለሁም። ሊከለከል ይችላል።»

«ይከልከል። እንዲህ ብለሽ ጻፊ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «አስተርጓሚው አልተሳሳተም። እኔ ነኝ የዋሸሁት፤ ለፍቅር ብዬ ሳይሆን ለኀፍረት። ባሏ የካዳት ሴት ከመባል አስተርጓሚው የተሳሳተባት ሴት መባል ይሻለኝ ነበር። ባሌ ካደኝ። ባሌ ነው።»

ሁለቱን ቃል ያለ ምንም ማያያዣ፣ አንዱን ከአንዱ ጎን አስቀመጠቻቸው። ፀደይ እየጻፈች ሳለ እጇ ቆመ፣ አፍንጫዋን በመዳፏ ጠረገች፣ ደግማ ጻፈች። የሕግ ሰውም ሰው ነው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ፀደይ። «ጋቢው አለ?»

ይመኙሻል ሻንጣዋን ከፈተች። ከጀርመን ዕቃ ሁሉ ሥር፣ ታጥፎ፣ አንድ የሰቆጣ ጋቢ ወጣ። ጥለቱ ቀይ ነው። አንድ ጫፉ ላይ የጧፍ ሰም ጠብ ብሎ ደርቋል። መምሬ ገብረ ኪዳን ጠጋ ብለው ሰሙን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ነው» አሉ።

ይመኙሻል ጋቢውን ዘርግታ ለደግሰው አሳየችው። «ያን ቀንም ይዤው ነበር» አለችው። «ብርድ ነበር። ስትወጣ ላለብስህ ብዬ።»

«አይቼዋለሁ» አለ ደግሰው። «ፊትሽን ማየት ስላልቻልኩ እሱን ነበር የማየው። ጋቢውን እያየሁ ነው አይደለችም ያልኩት።»

ይመኙሻል ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ አንዱን ጫፍ ወደ እሱ ወረወረችለት።

«ያዘው» አለች። «ብቻዬን አስተካክዬ አጥፌው አላውቅም። እዚያ ሁሌ ተጣሞ ነው የሚታጠፍልኝ።»

አልያዘም። ጋቢው መሬት ሊነካ ሆነ።

«ያዘው እንጂ ደግሰው! ይቅር ብዬሃለሁ አላልኩም። ጋቢ እናጥፍ ነው ያልኩት።»

ያዘው። እሱ በዚያ ጫፍ፣ እሷ በዚህ ጫፍ። ወጠሩት፣ አራገፉት፤ የዓመት አቧራ ፀሐይዋ ላይ ወጣ። ጫፍ ከጫፍ ሊያገናኙ አንድ ጊዜ ተጠጉ፤ እሷ ዓይኗን ከሰሙ ላይ አላነሣችም። ተመልሰው ራቁ። ደግመው ወጠሩት፣ ደግመው ተጠጉ። በዚህ ጊዜ አየችው። ቂምም ናፍቆትም አንድ ላይ የሚታይበት አተያይ ነበር። እሱ ዓይኑን ሊሰብር ነበር፤ አልሰበረም።

«ዳስ ኢስት…» አለ።

እኔ ቃሏን አውቃታለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ።

«ዳስ ኢስት ማይነ ፍራው» አለ ደግሰው። በዜማ አልነበረም። እንደ ሕፃን፣ አንድ በአንድ። ከዚያ ፀደይ ሳትጠይቀው፣ ወደ እኛ፣ ወደ እታለም፣ ወደ መምሬ፣ ወደ ሠፈሩ ሁሉ ዞሮ በአማርኛ ደገመው። «ይህቺ ሚስቴ ናት።»

ይመኙሻል ከንፈሯን ነከሰች። ዕንባዋ እስከ አገጯ ወርዶ ጋቢው ላይ፣ ከሰሙ አጠገብ ጠብ አለ።

«አነጋገርህ መጥፎ ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እዚያ እንዲያ ብትል ማንም አይሰማህም።»

«እዚያ ብደርስም ባልደርስም» አለ፣ «አንቺ ከሰማሽ ይበቃኛል።»

የመጨረሻዋ እጥፋት ቀረች። ይህቺን ለማጠፍ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ደረት ለደረት መድረስ አለበት፤ ጋቢ ያጠፈ ሁሉ ያውቃታል። ደረሱ። እጁ እጇ ላይ አረፈ፤ አረፈና ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሊሸሽ ፈለገ። አልለቀቀችውም። ጋቢው በአራቱ እጅ መኻል ታጥፎ አለቀ፣ የሚታጠፍ ነገር አልቀረም፤ እነሱ ግን ገና እንደያዙት ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፦ «ደብሬ፣ ያን ዕለት እዚያ ግቢ ስንት ሰው ነበር?» ሌላ ነገር ቢሆን ሰቆጣ በሞላዋ ነበረች እል ነበር። እሱን ግን ልጨምርበት አልቻልኩም። ሁለት ሰው ነው የነበረው።